የምት አሠልጣኙ ጥፋት ምንድን ነው?

ለዚህ ዓምድ የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሩጫና ስለ እግር ኳስ ናቸው። በዚህ ወር ግን የቤዝቦሉ ክምር በለጠ። ከዚያም ውስጥ ብዙዎቹ የሚያነሡት አንድን ሰው ነው፤ መቺዎችን የሚያሠለጥነውን ባለሙያ። ስለዚህ ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ዛሬ እርሱን ብቻ ላስተናግድ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ እኔ ደሴ የስፖርት መምህር የነበርኩ፣ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ ነኝ። ቤዝቦልን የለመድኩት በሬዲዮ ነው፤ ጨዋታው ዝግ ያለ ስለሆነ ሒሳብ እየተቀበሉ ለማዳመጥ ይመቻል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለቤቴ የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ ነው። ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር «የምት አሠልጣኙን ማባረር ነው!» ይላል። ሰውዬው ዱላ አይዝም፣ ሜዳ አይገባም፤ ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው? ደግሞስ ከእነዚህ አሠልጣኞች ብዙዎቹ በትልቁ ሊግ ተጫውተው አያውቁም ሲባል ሰማሁ። ያልመታ ሰው እንዴት መምታት ያስተምራል?
(ወይዘሮ ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከባለቤትዎ ጋር ሊያጣላኝ የሚችል መልስ ነው የምሰጥዎት፤ ቢሆንም ጠይቀዋልና ልመልስ።

አስቀድሞ የሥራውን ክብደት ይመልከቱ። ወርዋሪው የሚነሣበት ቦታ ከመቺው 18.44 ሜትር ይርቃል። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ ይህን መንገድ ለመጨረስ 0.4 ሴኮንድ ገደማ ይበቃታል። መቺው በዚያች ቅጽበት ኳሷን ማየት፣ የምትደርስበትን ቦታ መገመት፣ ልምታ ወይስ ልተዋት ብሎ መወሰንና ዱላውን ማድረስ አለበት። ከ10 ዕድል 3 ጊዜ የተሳካለት ኮከብ ይባላል፤ በጨዋታው ቋንቋ አማካዩ 0.300 ነው፣ ወይም 0.300 መታ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ጥፋተኛ መፈለግ ቀላል ነው፤ ማግኘቱ ነው የሚከብደው።

ድሮ የምት ትምህርት እንደ ቅኔ ቤት ነበር። የዋድላ፣ የዋሸራ፣ የጎንጅ እንደሚባለው ሁሉ መቺም በመምህሩ መንገድ ይታወቅ ነበር። በ1941 ዓመቱን በ0.406 አማካይ የጨረሰው ቴድ ዊልያምስ ኃይል ከዳሌ መሽከርከር ይመጣል፣ ዱላውም በትንሹ ወደ ላይ ይውጣ ይል ነበር። በ1970ዎቹ በካንሳስ ሲቲ ያሠለጠነው ቻርሊ ላው ደግሞ ክብደት ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር መተላለፍ አለበት ብሎ ሌላ መንገድ ዘረጋ። የላው ታላቅ ደቀ መዝሙር ጆርጅ ብሬት በ1980 0.390 መታ። አሁን ልብ ይበሉ፦ ላው ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ ሁሉ ያስመዘገበው አማካይ 0.255 ነው። ያልመታ ሰው ያስተምራል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ ከዚህ የቀረበ መልስ አይገኝም፤ ነገሩም የዛሬ ፈጠራ አይደለም።

የዛሬው ለውጥ ሌላ ነው። በ2015 ስታትካስት የሚባለው የመለኪያ ሥርዓት በ30ዎቹም የትልቁ ሊግ ስታዲየሞች ተተከለ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷ ኳስ ከዱላው ስትለይ ያላት ፍጥነትና ወደ ላይ የምትነሣበት አንግል ይመዘገባል። መምህሩ «ዱላህን ዝቅ አድርግ» ሲል ተማሪው «ማስረጃህ የት አለ?» ማለት የሚችልበት ዘመን መጣ። ይህ ለሥልጣን የለመዱ ሽማግሌ አሠልጣኞችን ክፉኛ አስቆጥቷል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፤ በስፖርት መምህርነቴ ዘመን በባዶ ሥልጣን የተሰጠ ምክር ስንት ልጅ እንዳበላሸ አይቻለሁና።

ባለቤትዎ የናሽናልስ ደጋፊ ከሆኑ የሚያውቁትን ሰው ልጥቀስ። ራያን ዚመርማን በ2016 0.218 ብቻ መታ። ያለቀለት ሰው መሰለ። ቁጥሮቹን ያዩ ሰዎች ግን ኳሷን የሚመታበት ኃይል ከሊጉ ከፍተኞች ተርታ እንደነበረ አስተዋሉ፤ ችግሩ ምቶቹ መሬት ለመሬት እየሄዱ ተከላካይ እጅ መግባታቸው ነበር። የቡድን ጓደኛው ዳንኤል መርፊ ኳሷን ከፍ ማድረግ እንደሚገባው አነጋገረው። በ2017 ዚመርማን 0.303 መታ፣ 36 ሆም ረንም (ከሜዳው አጥር የሚያልፍ ምት) አገባ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ዓመት ጤናውም ተመልሶለት ነበር፤ የትኛው ምን ያህል እንደረዳው የሚለካ መሣሪያ ገና አልተሠራም።

መርፊስ ይህን ከማን ተማረ? በ2015 ኒው ዮርክ ሜትስ ሳለ ከምት አሠልጣኙ ከኬቨን ሎንግ። ሎንግ ወደ መምቻው ሳህን (መቺው አጠገቡ ወደሚቆምበት መሬት ላይ ያለ ሰሌዳ) አስጠግቶ አቆመው፣ ኳሷን አንሥቶ በኃይል እንዲመታም ገፋፋው። መርፊ በዚያው ዓመት የመጨረሻው ዙር ውድድር ላይ በ6 ተከታታይ ጨዋታዎች ሆም ረን መታ። ሎንግ ከ2018 እስከ 2021 እዚህ ዋሽንግተን ነበረ። በ2019 ናሽናልስ ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ፣ በመጨረሻ ሂዩስተንን በ7 ጨዋታ ረትቶ ዋንጫውን ሲያነሣ መቺዎቹን ይመራ የነበረው እርሱ ነው። ኬቨን ሎንግ በትልቁ ሊግ አንድም ቀን ተጫውቶ አያውቅም። ይህን ለባለቤትዎ በእርጋታ ይንገሯቸው።

ከእርሱም የባሰ አለ። በ2014 መጋቢት ሂዩስተን ጄ ዲ ማርቲኔዝ የተባለውን መቺ አሰናበተው። ሰውዬው ግን ከዚያ በፊት በነበረው የውድድር ዕረፍት ካሊፎርኒያ ሄዶ ከክሬግ ዋለንብሮክና ከሮበርት ቫን ስኮዮክ ጋር አመታቱን እንደ አዲስ ሠርቶት ነበር። ዲትሮይት ወሰደው፤ በዚያው ዓመት 0.315 መታ፣ በ2017 ደግሞ 45 ሆም ረን አገባ። ቫን ስኮዮክ ከኮሌጅ ያለፈ የተጫዋችነት ታሪክ የለውም። ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ግን ከ2019 ጀምሮ የምት አሠልጣኝ አድርጎ ሾመው። የኒው ዮርክ ያንኪስ ግዙፉ አሮን ጃጅም በ2016 መጨረሻ ለሙከራ ተሰልፎ 0.179 ብቻ ሲመታ ክረምቱን የሄደው ሚዙሪ ውስጥ የቢሊያርድ ቤት ወደነበረው ሪቻርድ ሼንክ ነው፤ ይህ ሰው የዝነኛውን መቺ የባሪ ቦንድስን ቪዲዮ እየመረመረ ራሱን ያስተማረ ነው። ጃጅ በቀጣዩ ዓመት 52 ሆም ረን መታ፣ በ2022 ደግሞ 62።

እንግዲህ አሠልጣኙ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠራ ይውላል? ጨዋታው ማታ ከሆነ እርሱ ቀትር ላይ ስታዲየም ነው። የዕለቱን ወርዋሪ ቪዲዮ ያያል፤ ምን ዓይነት ኳሶች እንዳሉት፣ ሲጨነቅ የትኛዋን እንደሚመርጥ፣ ለግራ እጅ መቺ ምን እንደሚወረውር ያጠናል። ለዚህ ሁሉ የሚቀርብለት ቁጥር መዝገብ ይሞላል። ሥራው የሚጀምረው ይሄኔ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ቁጥር አንዱን መርጦ ለመቺው በአንድ ዐረፍተ ነገር መንገር አለበት። «ዛሬ ከወገብህ በላይ የምትመጣውን ብቻ ጠብቅ፤ የታችኛዋን እርሳት።» ይኸው ነው። 0.4 ሴኮንድ ባለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ሁለተኛ ሐሳብ ያስገባ አሠልጣኝ ያንን መቺ አደንዝዞታል። የእኔ ግምገማ ይህ ነው፦ ጎበዝ የምት አሠልጣኝ የሚታወቀው በሚናገረው ሳይሆን አውቆ በሚተወው ነው። በሬዲዮ ስሰማ «ይህ አሠልጣኝ በቁጥር የተሞላ ነው» ተብሎ ሲመሰገን እጠራጠራለሁ፤ በቁጥር የተሞላማ ኮምፒውተሩ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የ11 ዓመት ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል። እዚህ አካባቢ ካሉ ማሠልጠኛዎች በአንዱ አስመዝግቤው ዱላው እጀታ ላይ መለኪያ ሰክተውለት በየሳምንቱ የዱላውን ፍጥነት በስልኬ ይልኩልኛል። ፍጥነቱ እየጨመረ ነው፣ ክፍያውም እንዲሁ። ጨዋታ ላይ ግን ኳሷን ጨርሶ አይነካትም። ትቼ ላስወጣው ወይስ ልታገሥ?
(አባት ነኝ፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለዚያ ቤት የምለው የለኝም። መሣሪያው ራሱ ግን ክፉ አይደለም። ካንተ ብዙ በማይርቀው በኬንት ከተማ ካይል ቦዲ የመሠረተው ድራይቭላይን የሚባል ድርጅት አለ። መጀመሪያ የታወቀው በወርዋሪዎች ነው፤ በኋላ ወደ መቺዎች ዞረ። የምት ክፍሉን ይመራ የነበረው ጄሰን ኦቻርት በ2018 መጨረሻ በፊላደልፊያ ፊሊስ ተቀጥሮ የታዳጊ ቡድኖቹን ምት እንዲመራ ተሾመ። ከመጋዘን መሰል ቤት ተነሥቶ ወደ ትልቁ ሊግ የሚያደርስ መንገድ የተከፈተው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው። ስለዚህ ልጅህን በመሣሪያ መለካት እብደት ነው አልልህም።

የዱላ ፍጥነት ግን ምንድን ነው? ከ2024 ጀምሮ ሊጉ የእያንዳንዱን መቺ የዱላ ፍጥነት ለሕዝብ ያሳያል። በዚያ ዓመት ቁንጮ ላይ የተቀመጠው ጂያንካርሎ ስታንተን ነው፤ አማካዩ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዝርዝሩ ግርጌ የተገኘው ደግሞ ሉዊስ አራኤስ ነው፤ በሰዓት 101 ኪሎ ሜትር አካባቢ። አሁን ሌላውን ሰንጠረዥ ክፈት። ስታንተን በ2024 የመታው 0.233 ነው። ዱላው ቀርፋፋ የሆነው አራኤስ ግን በ2022 በሚኒሶታ፣ በ2023 በማያሚ፣ በ2024 ዓመቱን በሳንዲያጎ ሲጨርስ ከትልቁ ሊግ ሁለት ክፍሎች በሚጫወትበት ክፍል በአማካይ አንደኛ መቺ ሆነ። በ2023 የመታው 0.354 ነበር። ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ በሦስት ማሊያ! እኔ ይህን ሰው ለማየት ከሥራ ፈቃድ እጠይቃለሁ።

ይህን ስል ፍጥነት ዋጋ የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ተረዳልኝ። ስታንተን በ2017 59 ሆም ረን የመታ ሰው ነው፤ ከዚያም ቀደም ብሎ የ325 ሚሊዮን ዶላር ውል የፈረመው ስለ ዓይኑ ቀለም አይደለም። ገበያው ፍጥነትን ይወዳል፣ ምክንያትም አለው፤ በፍጥነት የተመታች ኳስ ርቃ ትሄዳለች። ሆኖም ስታንተን ያንን ፍጥነት ያገኘው የጎልማሳ ትከሻና ወገብ ይዞ ነው። የ11 ዓመት ልጅ ገና አጥንቱ በማደግ ላይ ነው፤ ቁጥሩ በየወሩ የሚጨምረው በልምምዱ ይሁን በቁመቱ እንዴት ትለያለህ? ለቁመቱ ደግሞ ሽሮው ይበቃል፣ ወርኃዊ ክፍያ አያስፈልግም።

እንደ ስፖርት መምህር የምመክርህ ይህን ነው። ልጁን አታስወጣው፤ መለኪያውን ግን ለልምምድ ቀን ብቻ ተወው፣ ቁጥሩንም ለእርሱ አታንብብለት። ጨዋታ ሲያልቅ «ስንት መታህ?» ከማለት ይልቅ «የቱን ኳስ ተውከው?» በለው። ከሳህኑ ውጭ የምትሄድን ኳስ ያለመምታት ትዕግሥት በዚህ ዕድሜ የሚተከል ነገር ነው፤ ኃይሉ ኋላ ይመጣል። አሠልጣኙንም አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ልጄ በዚህ ወር ሊያሻሽለው የሚገባው አንድ ነገር ምንድን ነው?» አንድ ከሆነ መልሱ ታገሥ። ስድስት ነገር ከዘረዘረልህ ገንዘብህን ይዘህ ውጣ።

ጥያቄ፦ የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። ቤዝቦልን የማውቀው በቁጥሩ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ካሜራና አሠልጣኝ ይዘው የመምታት አማካይ ለምን ወረደ? ሳይንሱ የት ሄደ?
(ዮ.)

መልስ፦ ልጄ ዮ.፣ ጥያቄህ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ነው። ቁጥሩን በትክክል አይተሃል። በ2018 በትልቁ ሊግ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ መቺዎች ሳይመቱ የወጡበት ስትራይክ አውት ከመቱት ምት በለጠ። በ2022 የሊጉ አማካይ 0.243 ሆነ፤ ከ1968 ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም።

ሳይንሱ የትም አልሄደም፤ ወደ ወርዋሪው ቀድሞ ሄደ እንጂ። ወርዋሪ ጨዋታውን የሚጀምር ሰው ነው። ኳሷን መቼ፣ በምን ሽክርክሪት፣ ወዴት እንደሚልክ የሚወስነው እርሱ ነው፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻውን ቆሞ በካሜራ ፊት ጣቱን በግማሽ ሴንቲ ሜትር እያዘዋወረ አዲስ ኳስ መፈልሰፍ ይችላል። መቺ ግን መልስ ሰጪ ነው። ያልተጠየቀውን ጥያቄ ብቻውን ሊለማመድ አይችልም። ለዚህ ነው ካሜራው ለአንዱ እጥፍ ድርብ የጠቀመው። በዚህ ላይ መቺዎቹ ኳሷን ከፍ አድርገው መምታት ሲማሩ ሆም ረኑም ስትራይክ አውቱም አብሮ ጨመረ፤ በ2019 6,776 ሆም ረን ተመትቶ ክብረ ወሰን ሆነ። በአማካይ መውረድ የሚያለቅሱ ሰዎች ይህንን ግማሽ ይረሱታል።

የምት አሠልጣኞቹ መልስ ልምምዱን ማክበድ ሆነ። የቀድሞው ልምምድ አንድ ሽማግሌ አሠልጣኝ ከቅርብ ቆሞ ቀስ እያለ የሚወረውራትን ኳስ አየር ላይ መላክ ነበር። ለተመልካች ደስ ይላል፣ ለመቺም መንፈስ ጥሩ ነው፤ ማታ ከሚጠብቀው ጋር ግን ዝምድና የለውም። አሁን ትራጄክት የሚባል የካናዳ ኩባንያ የሠራው ማሽን አለ። የተቃራኒ ቡድኑን ወርዋሪ ምስል በስክሪን ያሳያል፤ እጁ ኳሷን በሚለቅበት ቦታ በኩል እውነተኛ ኳስ በዚያው ሰው ፍጥነትና ሽክርክሪት ይወረውራል። መቺው ማታ የሚገጥመውን ሰው ከሰዓት በኋላ ገጥሞት ይገባል ማለት ነው። ከ2024 ጀምሮ ጨዋታ እየተካሄደ ሳለ እንኳ በውስጥ መለማመጃው እንዲጠቀሙበት ተፈቅዷል።

አሁን አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። በ1969 ቴድ ዊልያምስ የዋሽንግተን ሴነተርስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ መጣ። በቀደመው ዓመት 0.224 የመታው ቡድን 0.251 መታ፤ 86 አሸንፎ 76 ተሸነፈ፤ ዊልያምስም የዓመቱ ምርጥ አሠልጣኝ ተባለ። እዚህ ከተማ ያሉ አረጋውያን ደጋፊዎች እስከ ዛሬ ስለዚያ ዓመት ያወራሉ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ሊጉ የወርዋሪውን ጉብታ ከ15 ኢንች ወደ 10 ኢንች ዝቅ አድርጎት ነበር፤ መቺው ለመምታት የሚገደድበትን የኳስ ማለፊያ ቦታም አጥብቦታል። ሴነተርስ የነበረበት የትልቁ ሊግ ክፍል፣ የአሜሪካን ሊግ፣ አማካይ በአጠቃላይ ከ0.230 ወደ 0.246 ወጣ። ከሴነተርስ 27 ነጥብ ውስጥ የመምህሩ ድርሻ ስንት ነው፣ የአካፋው ስንት ነው? አስልተህ ጻፍልኝ። በ2023ም ተከላካዮች ወደ አንድ ወገን መሰብሰብ ሲከለከሉ አማካዩ ወደ 0.248 ከፍ አለ፤ በዚያ ዓመት «አሠልጣኛችን ተአምር ሠራ» ያለውን ቡድን ሁሉ በዚሁ ሚዛን መዝነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የቴክሳስ ሬንጀርስ ደጋፊ ነኝ። በ2023 ዋንጫ ያበላን የምቱ ኃላፊ ዶኒ ኤከር በ2025 ግንቦት ተባረረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ! ሰው ሁሉ እውቀቱን በሁለት ዓመት ይረሳል እንዴ?
(ተ.፣ ከዳላስ)

መልስ፦ ወንድሜ ተ.፣ እውቀቱንማ አልረሳም። ኤከርን ያሳወቀው የ2021 ሳን ፍራንሲስኮ ጃያንትስ ነው፤ ከጀስቲን ቪየለና ከደስቲን ሊንድ ጋር ሆኖ። ከሦስቱ አንዳቸውም በትልቁ ሊግ አልተጫወቱም። ያ ቡድን 107 ጨዋታ አሸነፈ፣ 241 ሆም ረንም በመምታት የክለቡን ክብረ ወሰን ሰበረ። የእናንተ ሬንጀርስ ወሰደው፤ በ2023 881 ሩጫ (የቤዝቦል ነጥብ) አስቆጥራችሁ ከአሜሪካን ሊግ አንደኛ ሆናችሁ፣ የክለቡን የመጀመሪያ ዋንጫም አነሣችሁ። (ክለቡ እስከ 1971 የእኛው ሴነተርስ እንደነበረ የዋሽንግተን ሰው ሳያስታውሳችሁ አያልፍም።) በ2024 78 አሸንፋችሁ 84 ተሸነፋችሁ፣ በ2025 መጀመሪያም ምቱ ጨርሶ ጠፋ። ኤከር ሄደ፤ በቦታው በ2001 በምቱ 141 ሩጫ አስገብቶ የአሜሪካን ሊግን የመራው የቀድሞ ኮከብ ብሬት ቡን ገባ።

ምክንያቱን ከሜዳው ሳይሆን ከውሉ ፈልገው። የመቺዎቹ ደመወዝ ለዓመታት የተረጋገጠ ነው፤ ቢያሰናብቷቸውም ይከፈላል። የአሠልጣኙ ክፍያ ከዚያ አጠገብ ሲቀመጥ አይታይም። ደጋፊው «አንድ ነገር አድርጉ» ብሎ ሲጮህ ሊደረግ የሚችለው አንድ ርካሽ ነገር ይህ ነው። ዘመናዊነቱም አላዳነውም፤ ሽማግሌው የተባረረበት በር ለወጣቱም ያው ነው።

ሜትስ በ2021 ያደረጉትን ልንገርህ፣ ትስቃለህ። ምታቸው ሲጠፋ ተጫዋቾቹ ዶኒ ስቲቨንሰን የሚባል አዲስ የምት አሠልጣኝ መጥቷል ብለው ማውራት ጀመሩ። ፒት አሎንሶ ለጋዜጠኞች ሳይቀር አመሰገነው። ሰውዬው የለም፤ ራሳቸው የፈጠሩት ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ እውነተኛው አሠልጣኝ ቺሊ ዴቪስ ተባረረ። ቺሊ ዴቪስ ደግሞ እንደ ሌሎቹ አይደለም፤ በትልቁ ሊግ 350 ሆም ረን የመታ ሰው ነው። የመታውም ያልመታውም ሲባረር፣ የሌለው ብቻ ነው ስሙን በክብር የጠበቀው።

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቷ ሶፍትቦል ትጫወታለች። አሠልጣኝ እሆናለሁ ትላለች፣ ያውም የወንዶች ቤዝቦል። አባቷ «አይሆንም» ይላታል። ይሆናል?
(እናት፣ ከአሌክሳንድሪያ)

መልስ፦ ጎረቤቴ ኖት ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አልዎት፣ ይሆናል። ሬቸል ባልኮቬክ በኮሌጅ የሶፍትቦል ተጫዋች ነበረች። ሥራ ፍለጋ ማመልከቻ ስታስገባ መልስ ስለጠፋ ስሟን ወንድ በሚያስመስል አጭር ስም ቀይራ እስከመላክ ደርሳለች። የላቲን አሜሪካ ልጆችን ለማሠልጠን ስፓኒሽ ተማረች። ከዚያም አምስተርዳም ሄዳ ስለ ሰው አካል እንቅስቃሴ ሁለተኛ ዲግሪ ስትሠራ የመቺዎች ዓይን ኳሷን እንዴት እንደሚከተል አጠናች። ያንኪስ በ2019 መጨረሻ የታዳጊ ቡድን የምት አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠራት፤ በ2022 ታምፓ ላይ ዋና አሠልጣኝ ሆነች፤ በ2024 ማያሚ ማርሊንስ የተጫዋቾች ልማት ኃላፊ አደረጋት። ለአባቷ ይህን ሲያነቡላቸው ዓይን የሚለውን ክፍል ጠንከር ያድርጉት። ልጅቷ ከሶፍትቦሉ ጎን ባዮሎጂና ፊዚክስ አጥብቃ ትያዝ፤ ሥራው ዛሬ የሚገኘው በዚያ በር ነው። ሒሳቧ ደካማ ከሆነ ልጄ ኮሌጅ የገባ ነው፣ ያስጠናታል፤ ወደ እኔ ይደውሉ።

ጥያቄ፦ የቶሮንቶ ብሉ ጄይስ በ2025 እንዴት ተነሣ? በአጭሩ።
(ከቶሮንቶ)

መልስ፦ በአጭሩ፦ ሚኒሶታ በ2024 ማብቂያ ያባረረውን ዴቪድ ፖፕኪንስን ቀጠራችሁ። በ2024 74 ብቻ አሸንፎ ከምድቡ ግርጌ የነበረው ቡድን በ2025 94 አሸነፈ፣ በ0.265 አማካይ ሊጉን መራ፣ ስትራይክ አውት ከማያበዙት ቡድኖችም አንዱ ሆነ። ሁለት ስትራይክ ከተቆጠረባቸው በኋላ (ሦስተኛው መቺውን ያስወጣል) መቺዎቻችሁ ዱላውን አሳጥረው ኳሷን መንካት ይፈልጉ ነበር እንጂ ሰማይ ለመላክ አይሟሟቱም ነበር፤ ያለፉትን ጨዋታዎች ደግማችሁ ስታዩ እዚያ ላይ አተኩሩ። በፍጻሜው 7ኛ ጨዋታ የተሸነፋችሁለት የዶጀርስ የምት አሠልጣኝ ከላይ ያነሣሁት ቫን ስኮዮክ ነው። ፖፕኪንስም ቢሆን ከታዳጊ ሊጎች ያላለፈ ተጫዋች ነበር። ወይዘሮ ሰ.፣ ይህቺንም ለባለቤትዎ ይጨምሩላቸው።